ለሠርጉ የተደለደለው ሣር

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር ባለው ግቢያችን አጎቴ ከነአግዳሚው ወደቀ። በማግስቱ ሠርግ ነው፤ እህቴን የሚያገባው ልጅ ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ መጥተው እዚያው ግቢ ሣር ላይ፣ በዚሁ አግዳሚ ይቀመጣሉ። ከእነሱ አንዱ እንዲህ ቢወድቅ ዕድሜ ልካችንን መሳቂያ መሆናችን ነው። ሜዳውን ፍልፈል ስላበላሸው አጎቴ ጉብታውን ሲቆርጥ፣ ጎድጓዳውን ሲሞላ፣ ሣሩን መልሶ ሲያለብስ ነበር የዋለው። አዲሱ አፈር ግን ስላልጠነከረ፣ ሊሞክረው ሲቀመጥ የአግዳሚው እግር ሰመጠ።

የሰፈሩን ጎረምሶች እንዲረግጡለት ለመናቸው።

«ወላሂ ጋሼ፣ ለቀበሌ ዘመቻ እርከን ስንቆፍር ውለን ወገባችን ተቆርጧል» አሉት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ድቤዋን አወጣችና ሣሩ መሃል ቆማ መምታት ጀመረች። ጎረምሶቹ ወገባቸውን ረስተው እየዘለሉ ገቡ።

«ወደ አጥሩ ጠጋ በሉ!» አለ አጎቴ እያጨበጨበ። «ያ ጥግ ቀዝቅዟል፣ አሙቁት!»

አንደኛው ነቃበት። «ጋሼ፣ እያስጨፈሩን ነው ወይስ እያስደለደሉን?»

«አንተ ዝለል! ሠርግ እኮ ነው» አለችው አክስቴ፣ ምቱን እያፈጠነች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኮምቦልቻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አግዳሚው አልተነቃነቀም። ሙሽራው በጭፈራ ሲገባ ግን፣ ዓርብ ሲዘሉ ያመሹት የሰፈራችን ጎረምሶች ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር።