ባዶነቷ የማይታይ መሣሪያ

መጀመሪያ የገዛሁት ጓንት ነበር። ልሠራት ያሰብኳት የጨረር መሣሪያ በአንድ የጠፈር ፊልም ላይ ያየኋት ናት፤ ርዝመቷን የሚነግረኝ ግን አልነበረም። ፊልሙን ስልኬ ላይ አቁሜ ሳየው ተዋናዩ በእጁ ይዟታል። የመዳፉን ስፋት ካወቅሁ የእሷን ርዝመት አስልቼ አገኘዋለሁ። አንድ ወንድ አስቁሜ «እባክህ መዳፍህን ልለካው» ማለት ደግሞ ለእኔ የሚሞከር ነገር አይደለም። ስለዚህ አንዱ ሱቅ ገብቼ የወንድ የሥራ ጓንት ገዛሁ። ባለሱቁ «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለአባቴ» አልኩና ቶሎ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ጓንቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በማስመሪያ ለካሁት።

የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው። ሥራ እስካገኝ ድረስ ደብረ ታቦር ከታላቅ እህቴ ጋር እኖራለሁ። እህቴ ዐረብ አገር ሠርታ ከተመለሰች በኋላ ትንሽ ፀጉር ቤት ከፍታለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ክፍል መኖሪያችን ናት። ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ ከነበሩት ልጆች ጥቂቶቹ አጭር ፊልም ሊሠሩ ተነሡ። ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ መንገደኛ እንደዚያች ያለ የጨረር መሣሪያ ይዞ ጣና ዳር ያርፋል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። አንዱ ሊተውን፣ አንዷ ልታዘጋጅ፣ ሌላው ድምፅ ሊይዝ ሲከፋፈሉ እኔ በመጨረሻ «መሣሪያዋን እኔ እሠራለሁ» አልኩ። በዚያ ስብሰባ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ያለኝ ቦታም እሷ ብቻ ነበረች፤ ካላደረስኳት ከእነሱ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አይኖርም።

አካሏን የሠራሁት ከውኃ ቱቦ ነው። በሴጌቶ ቆረጥኩት፣ በሻማ እሳት እያለሰለስኩ አጎበጥኩት። ጀርባዋ ላይ ያለውን እብጠት ያገኘሁት ከተቃጠለ የፀጉር ማድረቂያ ነው። መጋጠሚያዎቹን የመኪና ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ስቱኮ ደፈንኩና እስኪለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። እጀታዋን ከወይራ ጠረብኩ። አፈሙዟ ውስጥ ከእጅ ባትሪ የነቀልኩትን አምፖል በሰማያዊ ፌስታል ሸፍኜ ከተትኩ። ከሽጉጥ ትረዝማለች፣ ከጠመንጃ ታጥራለች።

ብዙውን የምሠራው ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ ነው። አንዳንዴ ግን ሥራው ይይዘኝና ፀጉራቸውን የሚያደርቁት ሴቶች በመጋረጃው ክፍተት ያዩኛል።

«ምንድን ነው የምትፍቂው?» አለች አንዷ። «ለባልሽ ነው? ገና ሳታገቢው?»

«ተያት» አለች እህቴ። «ከጋፋት መድፍ ወዲህ ደብረ ታቦር የተሠራ መሣሪያ ይኸ ነው። ይች ልጅ አገባሁ ስትል ሳይሆን ዘመትኩ ስትል ነው የምንሰማት።»

ሳቁ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ።

የወደድኩት ክፍል ማስረጀቱ ነው። ፊልሙ ላይ ያለችው አዲስ አይደለችም፤ ጠርዝ ጠርዟ ተፍቆ ብረቱ ይታያል። ሙሉውን ጥቁር ከቀባሁ በኋላ ጠርዞቹን በብርማ ቀለም ነካካሁ፤ የእርሳስ ዱቄት በጣቴ አሸሁበት፤ እጀታዋን አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ደጋግሜ ፈተግኩት፤ ቅባት ቀባሁት። ያልኖረችውን ዕድሜ ሰጠኋት። እንዲህ ያለው ሥራ ማንንም የማያበላ፣ ለምንም የማይውል መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንድ ጭረት በትክክለኛ ቦታዋ ስታርፍ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

አባቴ ከጉና ሥር ካለው መንደራችን ወደ ከተማ የሚመጡት በገበያ ቀን ነው። ገብሳቸውን ሸጠው መጡና ፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ አረፍ አሉ። እህቴ ማላገጥ ጀመረች።

«አባዬ፣ ይችን ልጅዎን ዩኒቨርሲቲ ልከዋት አልነበር? ጠመንጃ ሠሪ ሆና መጣችልዎ።»

«ምን ያለ ጠመንጃ?» አሉ እየሳቁ።

«ታሳይዎታለች። አንች፣ አምጫት እንጂ!»

ከመጋረጃው ጀርባ አነሣኋት። አልቃ ነበር፤ ከእህቴ በቀር ያያት ሰው አልነበረም። ጉዴን ሁሉ በአንዴ ላሳያቸው ብዬ መብራቷን አበራሁና አፈሙዟን ወደ ፊት አድርጌ ወጣሁ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ከግድግዳው ተለጠፉ። ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው ቱቦውን ጨበጡና ወደ መሬት ገፉት።

«ዝቅ! ዝቅ አድርጊ!»

«አባዬ፣ መጫወቻ ናት እኮ! ከቱቦ ነው የሠራኋት።»

አባቴ ከእኔ ሲሸሹ አይቼ አላውቅም። ጅብ በረት ሲገባ በዱላ ብቻ ወጥተው የሚያባርሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን «መጫወቻ ናት» ብያቸውም ቱቦውን አልለቀቁም።

ተቀበሉኝና አፈሙዟን ወደ ግድግዳው አዙረው በጣታቸው ጎንና ጎኗን ይዳብሱ ጀመር። ምን እንደሚፈልጉ ገባኝ። እኛ መንደር መሣሪያ የያዘ ሰው እንግዳ ሆኖ ሲመጣ፣ ገና ከበሩ ላይ ከፍቶ ባዶነቷን ለቤቱ ባለቤት ያሳያል፤ ከዚያ ምሰሶው ላይ ይሰቅላታል። ማንም ስለዚህ ነገር አያወራም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ እንደ ማውለቅ ነው።

«በየት ነው የምትከፈት?» አሉኝ።

«አትከፈትም።»

«ታዲያ ባዶ መሆኗን በምን ታሳያለሽ?»

«ባዶ እንኳ አይደለችም። ማለቴ... ባትሪ አለባት።»

እህቴ ሳቀች፤ ከዚያ የአባቴን ፊት አይታ ማበጠሪያዎቿን መሰብሰብ ጀመረች። እሳቸው አውራ ጣታቸውን እኔ በፈተግኩት ቦታ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«የማን ነበረች?»

«የማንም። እኔ ነኝ የሠራኋት አባዬ።»

«እሱንማ ነገርሽኝ። ይኸ እኮ እጅ የበላው እጀታ ነው።»

ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ማንም ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። ደስ ግን አላለኝም። በውሸት የሰጠኋት ዕድሜ ሰው ፈጥሮላት ነበር። አንድ ቦታ የያዛት፣ የተሸከማት፣ ምናልባት ሰው ላይ ያነሣት ሰው። አባቴ ያንን ሰው ነበር የጠየቁኝ።

«ወዴት ልትወስጃት ነው?»

«ባሕር ዳር።»

«በምን?»

«በሚኒባስ።»

መሣሪያዋን አፈሙዟን ወደ ጥግ አድርገው አስቀመጧት፤ ባዶ ጆንያቸውን አጣጠፉ። ሲወጡ «እንግዲህ አንች ታውቂያለሽ» ብቻ አሉ።

የምሠራት ጊዜ እንግዳ ቅርጿ የሚታደገኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ ማንም እውነት አይላትም ብዬ። ፊልሙ በተሠራበት አገር ይህ ልክ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ሰው አይቶት የማያውቀው መሣሪያ ማለት አዲስ መሣሪያ ማለት ነው። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ድረስ መኪና እየቆመ ይፈተሻል። ጭረቶቿን ቀርቦ የሚያደንቅ ፈታሽ አላሰብኩም። ያሰብኩት ከሩቅ የሚያያትን ነው። ከእኔ ይልቅ ደግሞ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው አሰብኩ፤ ልጅ ያዘለች ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ምንም የማታውቅ።

እንደ ተማርኩት ልፈታው ሞከርኩ። ጎኗን በሴጌቶ ቀድጄ በትንሽ ማጠፊያ የሚከፈት ክዳን አበጀሁላት። ስትከፈት ባትሪውና ሽቦው ይታያል። ለእህቴ አሳየኋት።

«ጎበዝ» አለች። «እስክትከፍችላቸው ድረስ ግን ማን ቆሞ ይጠብቅሻል?»

ከሩቅም መጫወቻ እንድትመስል ቢጫ ልቀባት አሰብኩና የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ብሩሹን ይዤ ቆየሁ። ጓደኞቼ የጠበቁት ፊልሙ ላይ ያለችውን ነው፤ ቢጫ ከሆነች ከገበያ የምትገዛው መጫወቻ ትበቃቸዋለች። የቆርቆሮውን ክዳን መልሼ ገጠምኩት።

አዘጋጇ ጓደኛዬ ደወለች።

«ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል? ሁሉም አንችን ነው የሚጠብቀው።»

ስለ ፍተሻው ነገርኳት።

«በልብስ ጠቅልለሽ ከሻንጣሽ ሥር አድርጊያታ።»

«ተደብቃ ከተገኘች ይብሳል።»

«ፈታትተሽስ?»

«በስቱኮ ነው የተያያዘችው። ካልተሰበረች አትፈታም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

እምቢ ማለት አልችልበትም። ሰው ሲለምነኝ ላለማሳዘን ብቻ እሺ ብዬ የገባሁባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው።

«አላመጣትም» አልኩ።

ስልኩ ውስጥ የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። ቡድኑ ውስጥ ያለኝ ቦታ እዚያ ዝምታ ውስጥ ሲያልቅ የሰማሁት መሰለኝ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«እናንተ ኑ። እዚህ ቤት ውስጥ እንቅረጸው።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ እሷና ተዋናዩ፣ ረጅም ቀልደኛ ልጅ። ጣና ዳር የተባለው ቀርቶ መንገደኛው አንድ ቤት እንዲገባ ተስማማን። እህቴ ፀጉር ቤቱን ዘጋች፤ የቤቱ ባለቤት ሆና እንድትተውን ተለምና «ስንት ዓመት ዐረብ ቤት በር ስከፍት ኖሬ!» ብላ ተቀበለች። እኔ ከመንገድ እንዳይታይ መጋረጃዎቹን ሁሉ ጋረድኩ።

ተዋናዩ መሣሪያዋን ሲያያት አፏጨ። አገላበጣት፣ መብራቷን አበራ፣ ከዚያ በሩን በርግዶ ገብቶ ካሜራ በያዘችው ጓደኛዬ ላይ ደገናት።

«ዝቅ አድርጋት!»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

«ፊልም አይደል እንዴ?» አለ። «ማን ላይ ልደግን ታዲያ? ግድግዳው ላይ?»

ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ቢሆንም ነገርኳቸው። እኛ መንደር እንግዳ መሣሪያ ይዞ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ፣ አባቴ አግዳሚው ላይ ሆነው ምን እንደጠየቁኝ፣ ለምን ክዳን እንዳበጀሁላት። በእነሱ ፊት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም፤ ማንም አላቋረጠኝም። ጓደኛዬ ካሜራውን ዝቅ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«የሌላ ዓለም ሰው ይሁን እንጂ እንግዳ ነው» አለች። «ይክፈታት።»

መጀመሪያ ሲቀረጽ እህቴ ሳቋ አመለጣት። ሲደገም ተዋናዩ ክዳኑን በተቃራኒው ጎን ፈለገ። በመጨረሻ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና መንገደኛው አፈሙዟን ወደ መሬት አድርጎ ቆመ። ጎኗን ከፈተ። ወደ እህቴ ዘንበል አድርጎ አሳያት። እህቴ ጎንበስ ብላ ውስጧን አየች፤ ሽቦውን፣ ባትሪውን፣ ያልለሰለሰውን ስቱኮዬን፣ ካሜራ የማያየውን ሁሉ። አልሳቀችም። ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

«ግባ» አለችው።