ማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ኦስሎ ዳርቻ ፕሪንስዳል ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ አራት ጎረቤቶቼ ቆመዋል፤ ሁሉም ጨለም ያለ ጃኬት ለብሰዋል። ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ማን ይሆን የሞተው?

ልጄ ከክፍሏ ወጥታ አየችኝና ሳቀች። "ማማ፣ ዱግናድ ነው እኮ። መጥረጊያና አካፋ ይዘው አይታይሽም?"

ዱግናድ እዚህ አገር በረዶው ሲቀልጥ ጎረቤት ተሰብስቦ ግቢ የሚያጸዳበት ሥራ ነው፤ ደቦ በሉት። ወጥቼ ክረምቱን ሙሉ መንገዱ ላይ የተበተነውን ጠጠር አብሬ ስጠርግ ዋልኩ። ልጄ ኦስሎ ነው የተወለደችው። ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው በር ሲያንኳኩ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም፤ ባታውቅም ይሻላታል። እኔ ያወቅሁት ኮምቦልቻ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ያን ጊዜ ምፅዋ ወደብ የክሬን መካኒክ ነበር። በ1982 የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ መግባቱን የሰማነው ከውጭ አገር ሬዲዮ ነው፤ የእኛው ሬዲዮ ማርሽ ብቻ ያሰማን ነበር። ወደቡ ያለው ደሴት ላይ ስለሆነ፣ ከየብስ የሚያገናኘው መንገድ ከተዘጋ መውጫው ባሕር ብቻ ነው። ታደሰ ደግሞ ዋና አይችልም። እማዬ እህል አልቀምስ አለች። ሳምንታት አለፉ፤ ስሙን በቤታችን የሚጠራ ጠፋ።

አንድ ማለዳ፣ የበልግ ዝናብ አካፍቶ ግቢው እርጥብ አፈር አፈር ሲሸት፣ በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ይመር ናቸው፤ ከኋላቸው ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ጋቢ ደርበዋል። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ። እማዬ ከጀርባዬ መጥታ አየቻቸው። አፋቸውን እስኪከፍቱ እንኳ አልጠበቀችም፤ "ልጄን! ልጄን!" ብላ ወደቀች።

"ተይ እንጂ ዘነበች፣ ስሚኝ፤ እግዜር ደግ ነው" አሉ ጋሽ ይመር። መርዶ ነጋሪም የሚለው ይህንኑ ነው። "ተርፏል እኮ" ቢሉም ማን ይስማቸው? እኔ ራሴ እሪታዬን አቅልጬዋለሁ። ጎረቤት ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ እያለቀሰ ገባ። ጎረምሶች የእድሩን ድንኳን ተሸክመው መጡ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ጣዱ። ጋሽ ይመር ድንኳኑ እንዳይተከል ካስማ ሲነቅሉ ያየ ሰው ሐዘን አናታቸው ላይ ወጣ ብሎ ከንፈር መጠጠላቸው።

ቢቸግራቸው ወጥተው አንድ ሾፌር እየጎተቱ ተመለሱ። ከአሰብ ጭነት ይዞ የመጣ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ አብጧል። ወሬውን ለእሳቸው ያደረሰው እሱ ኖሯል።

"እማማ፣ ታደሰን አሰብ ላይ በዓይኔ ነው ያየሁት" አላት። "በጀልባ ወጥተው መርከብ አነሳቸው። እጁ ትንሽ ተቃጥሏል እንጂ ደህና ነው። 'ስመጣ ሽሮ ይጠብቀኝ፤ ዓሣ የሚባል ነገር እንዳታሳዩኝ' በልልኝ ብሎኛል።"

እማዬ ቀና አለች። ታደሰ ምፅዋ ከሄደ ወዲህ ዓሣ አንገሸገሸኝ ሳይል የላከው ሰላምታ አልነበረም። "እሱ ነው" አለች፤ ሳቀችም። እኔ ደግሞ ሳቋን ስሰማ እንደ አዲስ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

"ለመሆኑ፣ ጋሽ ይመር" አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ "ለምሥራች ሰው በዚህ ሰዓት ጋቢ ደርቦ በሰልፍ ይመጣል?"

"ድንገተኛ ደስታም ይገድላል ብለን፣ ተመካክረን መጣን።"

"ሊገድሉኝ ነበር እኮ።"

ድንኳኑ ተጠቅልሎ ተመለሰ። ንፍሮው ግን በስሏልና ጨው ነስንሰን በላነው፤ ስንዴውም ሽምብራውም ጣፈጠኝ። በዚያው ሰሞን ሌሎች በሮችም በማለዳ ተንኳኩ፤ እነሱ ዘንድ የመጣው ምሥራች አልነበረም። ስለዚህ እማዬ ደስታዋን ደጅ ይዛ አልወጣችም።

ቅዳሜ ዕለት ግቢው እንደጸዳ ታደሰ ጋ ደወልኩ። አሁን አዳማ ይኖራል፣ የልጅ ልጅም አይቷል። ሁልጊዜ የምደውልለት እሁድ ስለሆነ በድንጋጤ ነው ያነሳው።

"ምነው? ማን ምን ሆነ?"

"ማንም ምንም አልሆነም።"

"ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው ያለ ቀንሽ የምትደውይው? ልቤን አፈረስሽው እኮ። ሰው እንዲህ ይደረጋል?"

ብዙ ተቆጣ። ሳይሞት ያለቀስኩለት ሰው ሲቆጣ መስማት ምን ያህል እንደሚጥም ለማንም ማስረዳት አልችልም። ይቅርታ ብዬ ላቋርጠው እችል ነበር፤ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ እስኪበቃው ድረስ አዳመጥኩት።