የታደለ ትሪ

አምቦ ከተማ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የሕክምና ዕቃ ቀቃይ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊዋ ሲስተር አስካለ የዕቃ ማጠቢያውንና የእንፋሎት መቀቀያውን አሳዩኝ። ጥርስ የሚነቀልበት ጉጠት በብሩሽ ይታጠባል፤ በወረቀት ከረጢት ታሽጎ ቴፕ ይለጠፍበታል። በደንብ ሲቀቀል የቴፑ መስመሮች ይጠቁራሉ።

"ካልጠቆረ ትመልሺዋለሽ። ሐኪሙ ቢቆጣሽም ትመልሺዋለሽ" አሉኝ።

ጥቂት ዓመታት እንደ ሠራሁ የባለቤቴ የታደለ ሆድ አበጠ። ምርመራው የጉበት ቫይረስ አሳየ። ታደለ በወጣትነቱ ጎጆ ከተማ አንድ ሰው ቤት ጥርስ አስነቅሎ ነበር። እዚያ ጉጠቱ ከአንዱ አፍ ወጥቶ በጨርቅ ይጠረግና ወደ ሌላው ይገባል።

"ከዚያ ሳይሆን አይቀርም" አለን የመረመረው ሐኪም። በደም እንጂ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍም አስረዳን።

የዕድራችን ሰው ግን ይህን አልሰማም። ለቅሶ ቤት ታደለ ወደ ትሪው ሲቀርብ ሌላው እጁን ይሰበስባል። አንድ ቀን እየሳቀ ገባ።

"ዛሬስ ጌታ ሆንኩ። ትሪው ለብቻዬ!"

ከዚያ ወዲያ ለቅሶ አልሄደም። መድኃኒት ሲጀመርለት ጉበቱ አልቆ ነበር። ቀበርኩት።

ሥራ በተመለስኩ ሰሞን የታደለ ጓደኛ ኦቦ ድንቃ ጉንጫቸው አብጦ መጡ። ጉጠት ሲባል ከወንበሩ ተነሡ።

"ዲሲ! ተዉት፣ አልነቀልም!"

የታሸገውን ከረጢት አምጥቼ የጠቆረውን መስመር አሳየኋቸው። "እንኩ፣ ራስዎ ይቅደዱት።"

ቀደዱት። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ጥጥ እንደ ነከሱ መቀቀያው ክፍል በር ላይ ቆሙ።

"አዴ ዘነቡ፣ ያኔ ጎጆ ከተማ እኔና ታደለ አብረን ነው የተነቀልነው" አሉኝ።

"ይመርመሩ እንጂ!"

"ቢገኝብኝስ? እንደሱ ለብቻዬ ልበላ?"

"ከእኔ ጋር ይበላሉ።"

ተገኘባቸው። ግን በጊዜ ስለታወቀ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ለቅሶ ቤት ሕመማቸውን ራሳቸው ተናግረው ተቀመጡ። ግራ ቀኛቸው ባዶ ሆነ። ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥኩና ከትሪያቸው ቆርሼ ጎረስኩ።

"ይቺ ሴት አትፈራም እንዴ?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ዕቃ ቀቃይዋ እኮ ናት!" አለች አንዲት ጎረቤቴ፣ እጇን ታጥባ እየቀረበች። "እሷ ከበላች እኔ ምን ቤት ነኝ? ጠጋ በሉልኝ!"

ኦቦ ድንቃ መድኃኒቱን ጨርሰው ደማቸው ከቫይረሱ ነጻ ሆኗል። ታደለ ያቺን ትሪ ቢያያት ደስ ባለኝ። በክሊኒካችን አሁን ከረጢቱን የሚቀድደው ታካሚው ነው። ለአዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚፈራው ያልተቀቀለ ጉጠት ነው፤ የታመመ ሰው ትሪ አይደለም።