ከሊሾው ስር የቀረው ሃሌ ሉያ

የእኛ ማኅበረ ምእመናን ሉተራን ይሁን እንጂ ረጋ ያለ አይደለም። ሎሎጎ ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ አዳራሻችን የተሰቀለው መስቀል ከጠርሙስ ቆርኪ የተሠራ ነው፤ ፓስተራችን የሚሰብኩበት አትሮንስ ደግሞ ከተሰነጠቀ የውሃ ታንከር ተቆርጦ የወጣ። ግማሾቻችን ለሥራ ጁባ የመጣን ኢትዮጵያውያን ነን፤ ግማሾቹ ኢትዮጵያ በስደት ኖረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው። አንድ ሰው "ይሄን ብናደርግስ?" ካለ "ይቅርብን" የሚል አይገኝም። ጉዳችን ይሄው ነው።

ሌላ ጊዜ ፋሲካን ሁለቴ ነው የምናከብረው፤ የደቡብ ሱዳኑን እናከብርና የኢትዮጵያው ሲደርስ ደግሞ እንደ አዲስ። አንድ ዓመት ግን ሁለቱም በአንድ እሁድ ዋሉና አቅላችንን ሳትን። ፓስተራችን ውጭ አገር ሲማሩ ያዩትን ልማድ አመጡልን፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ "ሃሌ ሉያ" የሚለውን ቃል ጨርቅ ላይ ጽፈን እንቀብራለን፣ እስከ ትንሣኤ ጠዋት ማንም ከአፉ አያወጣውም። "ቀላል ነው" አሉን። የማያውቁን ይመስል! እኛ እኮ ሃሌ ሉያ ሳንል ሰላምታ እንኳን አንጨርስም።

የሚቀበረውን ጨርቅ የሰፉት ማማ ናቸው። ማማ የማንጋቴን ተፈናቃዮች መጠለያ ነዋሪ ናቸው፤ ጋምቤላ ብዙ ዓመት ኖረው ስለተመለሱ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። የሟች እህቶቻቸውን ቀሚስ ሳይቀር ቆራርጠው፣ ቀዩን ከቢጫው እየገጣጠሙ፣ ቃሉን በትልልቅ ፊደል ሰፉበት። ዓይናቸው እየደከመ ነበር። "ይሄ የመጨረሻ ስፌቴ ነው" አሉኝ። "በፋሲካ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ አንዴ ልየው፣ ከዚያ ካላስ፣ በቃኝ።" ሌላ ነገር አልጠየቁም።

ጨርቁን በቆርቆሮ ሳጥን አድርገን፣ ከመሠዊያው ፊት ያለውን የአፈር ወለል ቆፍረን ቀበርነው። መዘምራኑ የሚያለቅሱ መስለው ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ከሳቄ ብዛት እውነተኛ እንባ አፈሰስኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጾም ፈተና ነበር። ቃሉ ያመለጠው ሰው የአዳራሹን ወንበሮች ብቻውን እንዲያጥብ ተወሰነ። ወንበሮቻችን እንደዚያ ጾም ነጽተው አያውቁም። አንዷ እህት ምስክርነት ስትሰጥ "ሃሌ" ካለች በኋላ ምላሷን ነክሳ "... ለጌታ ምስጋና ይሁን" ብላ ስትጨርስ ጓዳ ገብቼ ነው የሳቅኩት።

ከመካከላችን አንዱ የኮንስትራክሽን ፎርማን ነው፤ የአገሬ ልጅ። ጾሙን ሙሉ ከከተማ ውጭ መንገድ ሲሠራ ከርሞ ለቀብሩ አልነበረም፤ ስለ ሳጥኑም የነገረው ሰው የለም። በሕማማት ሳምንት ተመለሰ። የፋሲካ መዝሙር ልምምዳችንን ማላኪያ ሰፈር አንዲት ምእመን ግቢ ውስጥ ስለምናደርግ አዳራሹ ባዶ ነበር።

ለጸሎተ ሐሙስ እግር ልንተጣጠብ ስንገባ ወለሉ ያብረቀርቃል። አቧራ የለ፣ ጉድጓድ የለ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሊሾ! አጅሬ ሠራተኞቹን ይዞ ገብቶ ጨርሶታል። በሩ ላይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ "የፋሲካ ስጦታዬ ነው" አለ፤ ፊቱ በርቷል።

እልልታው ቀለጠ። እኔማ ጫማዬን አውልቄ ተንሸራተትኩበት። ቀና ስል ፓስተሩ ያዩኛል። እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም ወደ መሠዊያው ፊት ዞርን። "ሃሌ..." አሉ ፓስተሩ፤ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

በዚያ ቅዱስ ምሽት፣ እግሬ ሳፋ ውስጥ ሆኖ፣ የሚያጥቡኝ ፓስተር ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አስቡት። ሳቁ ከወንበር ወንበር ተላለፈ። በመጨረሻ ፎርማኑ "ኧረ ምን ሆናችኋል?" ሲል ነገርነው። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ያኔ ሳቄ ጠፋ፤ በዚያ ምሽት ያልመጡት ማማ ትዝ አሉኝ።

"ነገ እሰብረዋለሁ" አለ።

"በስቅለት ዕለት?" አሉ ፓስተሩ። "ስቅለት ዕለት እዚህ ቤት መዶሻ አይሰማም። ትንሣኤ ጠዋት አብረን እናውጣው።"

ቅዳሜ ለማማ ንገሪ ተብዬ በቦዳ ሞተር ማንጋቴን ሄድኩ።

"ኬፍ፣ ማማ? ደህና ነዎት?" አልኳቸው።

"ኩዌስ፣ ልጄ። ምነው ፊትሽ?"

ነገርኳቸው። "ወለሉ ያምራል?" ብለው ጠየቁ።

"በጣም ያምራል፣ ማማ።"

"እሺ። ነገ እመጣለሁ።"

ስመለስ በሁሉም ተናድጄ ነበር፤ በፓስተሩም፣ በፎርማኑም፣ ሲሚንቶ በሚባል ነገርም። እንደዚያ የሚያምር ወለል ሊሰበር መሆኑ አናደደኝ፤ ሳይሰበር ቢቀር ደግሞ ማማ ስፌታቸውን ሳያዩ መቅረታቸው ነው።

እሁድ ማለዳ ሁሉም ያለ የሌለ ልብሱን ለብሶ መጣ። ሊሾው ሲሠራ መሠዊያው ተነስቶ እንደገና በግምት ስለተቀመጠ ሳጥኑ የቱ ጋ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ፎርማኑ ተንበርክኮ፣ ጆሮውን ወለሉ ላይ አድርጎ፣ በመዶሻው እጀታ ያንኳኳል። ዙሪያውን ምክር ይዘንባል። "ወደ ቀኝ!" "ኧረ ወደ ግራ፣ እኔ ነኝ የቆፈርኩት!" "አንተ ውሃ ነው ያቀበልከው!" በመጨረሻ በጠመኔ ክብ ሠራ፣ መሮውን ደገነ፣ መዶሻውን አነሳ።

"ቆይ" አሉ ማማ ከበሩ። ጫማቸውን አውልቀው፣ በሊሾው ላይ ቀስ ብለው ተራምደው መጡና ክቡ ውስጥ ቆሙ።

"ማማ፣ ዞር ይበሉልኝ፣ ልስበረው።"

"ዞር አልልም።"

"ማማ፣ ትንሣኤ እኮ ነው" አሉ ፓስተሩ፣ "መውጣት አለበት።"

"ቃሉ አፋችሁ ውስጥ ነው ያለው። እሱን አውጡት።"

ፎርማኑ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። "ሊያዩት ነበር እኮ" አለ። "የመጨረሻ ስፌትዎን እኔ ነኝ የቀበርኩት።"

ማማ ጎንበስ ብለው መዶሻውን ከእጁ ወሰዱ። "ስማ፣ ልጄ። እስከዛሬ የሰፋሁትን ሁሉ ስሸሽ ተሸክሜዋለሁ። ከናሲር ስሸሽ፣ ከማላካል ስሸሽ፣ ጋምቤላ ስገባ፣ ከጋምቤላ ስወጣ፣ ሁልጊዜ አናቴ ላይ። ይሄን ግን ማንም ተሸክሞት አይሸሽም። እህቶቼ እዚሁ አረፉ። እኔም ከእንግዲህ የትም አልሄድም።"

ሳቄንና እንባዬን መለየት ያቃተኝ ያኔ ነው። ሁሉም ፓስተሩን ማየት ጀመረ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ ማማ። "ያላ፣ ጀምሩ! ሊሾው ላይ እግሬን በረደኝ።"