ያለ እሷ የማይተኙ ልጆች

እትዬ እሹሩሩ ይሏታል። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ጠዋት ጠዋት የሚያለቅሱ ልጆቻቸውን የሚያስረክቧት እናቶች ናቸው። የምትሠራበት የሕፃናት ማቆያ በጋራዥና በዳቦ ቤት መሀል ተጨንቆ የቆመ ቤት ነው፤ ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ባረፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሁሉ ኳኳታ መሀል፣ ከምሳ በኋላ፣ የሁለት ዓመት ልጆችን በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ደርድራ ታስተኛለች። አንዱን በቀኝ እጇ ጀርባውን መታ መታ፣ ሌላዋን በግራዋ፣ ሦስተኛውን በእግሯ ፍራሹን ነቅነቅ እያደረገች። ሌላ ሞግዚት ከተተካች ቤቱ ይቀወጣል። አንድ ጊዜ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ ስትመለስ፣ ልጆቹ ከነሞግዚቶቻቸው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው።

ይህ ነገር ያኮራት ነበር። መዘዙም ከዚሁ መጣ።

እትዬ እሹሩሩ መማር ትፈልግ ነበር። የከተማው ኮሌጅ ሥራ ላይ ላሉ ሞግዚቶች ከሰዓት የሚሰጥ የሕፃናት እንክብካቤ ሥልጠና አለው፤ የሚጠይቀውም አሠሪዋ ከሰዓት እንድትለቃት ብቻ ነው። ከሰዓት ደግሞ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ለማቆያው ዳይሬክተር ስትነግራት፣ ዳይሬክተሯ አንገቷን አቀፈቻት። "አንቺ ከሄድሽ ማን ያስተኛልኛል? የኔ ወርቅ፣ የሚመጣው ዓመት ትሄጃለሽ።" የሚመጣው ዓመት መጣና ሄደ፤ የዚያም ተከታይ እንዲሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እስከዚያው ሕፃን አያያዝ ከእሷ የተማሩ ሁለት ልጃገረዶች ወደ ኮሌጅ ተላኩ። ለምን ቢባል፣ እነሱ ቢሄዱ የሚጎድል ነገር የለማ! እንግዲህ ፍርዱን እዩት፦ ሥራ ያልቻለች ትማራለች፣ የቻለች ትቀጣለች። አንደኛዋ ተመርቃ ስትመለስ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች። "እትዬ፣ አንገቱን ደገፍ አድርጊው እንጂ" ትላታለች፤ ያንን አንገት መደገፍ ያስተማረቻትን ሴት።

ዘንድሮ ደግሞ ከበላይ ትእዛዝ ወረደ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ያልሠለጠነች ሞግዚት የልጆች ክፍል ውስጥ አትሠራም። ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ጠራቻት።

"አይዞሽ፣ እኔ አንቺን ሜዳ ላይ አልጥልሽም። ልብስ ማጠቢያው ጋ ቦታ ይዤልሻለሁ።"

"ልብስ ማጠቢያ? ከልጆቹ ለይተውኝ?"

"ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው። ምነው በጊዜው ተምረሽ ቢሆን ኖሮ!"

እትዬ እሹሩሩ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። "እንግዲያው አሁን ይልቀቁኝ፤ ምዝገባው ገና አልተዘጋም" አለች።

"አሁንማ እንዴት አድርጌ? ልጆቹ ያለ አንቺ አይተኙም እኮ!"

ማታ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ወረወረችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ አያት።

"ለከርሞ ያለ እኔ የሚተኙ ልጆች፣ ዘንድሮ ለምንድነው የማይተኙት? እስቲ ንገረኝ!"

"እኔን ለምን ትቆጪኛለሽ?" አለ ባሏ። "ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ ያስለመድሻቸው አንቺ ነሽ።"

ያን ምሽት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች። የተናደደችው ግን ነገሩ ልክ ስለሆነ ነው። እጇ ጀርባቸው ላይ ካልሆነ እንዳይተኙ አድርጋ ያሳደገቻቸው ራሷ ናት፤ ያለ እሷ አይሆንም ሲባል ደስ እያላት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፤ የእሷ ሳር ምስጋና ነበር።

በማግስቱ እጇን ከጀርባቸው አንስታ ፍራሹ ላይ አሳረፈችው። እነሱ ሲለምዱ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በሩ ጋ። በመጨረሻ የማቆያውን ወጥ ቤት፣ በእንቅልፍ ሰዓት በእሷ ቦታ ከልጆቹ ጋ እንድትቀመጥላት ለመነቻት።

"እህቴ ሙች፣ እኔ የማውቀው ድስት ነው" አለች ወጥ ቤቷ። "ድስት ደግሞ ዝም ካለ አሯል ማለት ነው።"

"አተርሽን ይዘሽ ገብተሽ ፈልፍይ፤ ሌላ ምንም አታድርጊ።"

ከልጆቹ አንዱ ሁሉን ስለሚያዝ ሻለቃው ይባላል። የመጀመሪያ ቀን ሻለቃው ጣራውን አነሳው። እትዬ እሹሩሩ ከበሩ ውጭ ቆማ የሽርጧን ጫፍ ነክሳ እንባዋን ዋጠችው። ስሟን እየጠራ ነው የሚያለቅሰው። ዳይሬክተሯን በልቧ ረገመቻት፤ ይህን ያህል የሚወዳትን ልጅ እንዲረሳት ማስተማሯ አንገበገባት። ቀን በቀን ግን ልቅሶው እያጠረ መጣ፤ አንድ ቀን ጨርሶ አልተሰማም። እሱ ዝም ሲል ደግሞ የባሰ ከፋት።

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል፣ በእንቅልፍ ሰዓት፣ እትዬ እሹሩሩ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብታ ተቀመጠች።

"ምነው? ልጆቹስ?"

"ተኝተዋል።"

"ማን አስተኛቸው?"

"ወጥ ቤቷ።"

ዳይሬክተሯ በእግር ጣቷ ሄዳ የልጆቹን ክፍል በር ገርበብ አደረገችው። ወጥ ቤቷ አተር ትፈለፍላለች። ሻለቃው አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ዳይሬክተሯ በሩን ቀስ አድርጋ መልሳ ዘጋችና ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

"እንዲህ ከሆነማ" አለች፣ "አንቺ ለምን ታስፈልጊናለሽ?"

ሰማችሁ? ያን ሁሉ ዓመት አስፈላጊ ነሽ ብላ አሰረቻት፤ አሁን ደግሞ አታስፈልጊም ልትላት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጠረጴዛውን ይገለብጠው ነበር። እትዬ እሹሩሩ ግን ድምፅዋን አላነሳችም፤ ልጆች ተኝተዋል።

"እሱን ተምሬ ስመለስ ይነግሩኛል" አለች። "ለጊዜው ግን እኔን የሚያስቀሩበት ሰበብ አልቆብዎታል። ኮሌጁ ጋ ይደውሉልኝ።"

ዳይሬክተሯ ስልኩን አነሳች። "አዎ፣ አንዲት ሞግዚት እየላክሁላችሁ ነው" አለች ፈገግ ብላ። "መቼም በእኛ ማቆያ ሠራተኛን ማስተማር ልማዳችን ነው።"

እትዬ እሹሩሩ ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ሽርጧን ፈትታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የልጆቹን ክፍል በር ሳትከፍት አለፈችው። ብትከፍተው ኖሮ እጇ የሻለቃውን ጀርባ ሳይነካ አይመለስም ነበር።