በቁጥር የተሞላው ደብተር

የኬላው ፈታሽ የልጄን ሰማያዊ ደብተር ገልጦ ደጋግሞ ሲያገላብጠው ነው ጉዳችን እንደፈላ የገባኝ። ደብተሩ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ በከፈትኩት ቁጥር የዚያ ቀን አቧራና ናፍጣ ይሸተኛል።

ከዲመካ ወደ ጂንካ በሚኒባስ እየሄድን ነበር። ልጄ ጂንካ ኮምፒዩተር ትማራለች፤ እረፍቷን እኔ ዘንድ ጨርሳ ልሸኛት ነው። በዚያ ሰሞን ፍተሻ በዝቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ወጣት ከሚኒባስ አስወርደውት መኪናው ጥሎት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ገጹ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ አንድም ፊደል የለበትም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ፈታሹ።

ልጄ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። "የፍየል ቁጥር ነው ጌታዬ፤ ገበያ የወጣ።" እኔ የማውቀው ቁጥር የፍየል ነዋ።

ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። "አራት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ሦስት ፍየል? እማማ፣ መላው ዲመካ ገበያ ይህን ያህል ፍየል የለውም።"

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ "ታዲያ እኛን ሳይጋብዙን?" ብሎ ሳቀ። ፈታሹ አልሳቀም። "ሁለታችሁም ውረዱ" አለ።

በገዛ ውሸቴ ልጄን አስያዝኳት እያልኩ ተከትያት ወረድኩ።

"እናቴ ደንግጣ ነው" አለችው። "እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ፊደል ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም እየተማርን ነው። ላሳይዎት።"

"እሷ ሌላ፣ አንቺ ሌላ። እስቲ አሳዪኝ።"

ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ላፕቶፕ ድንጋይ ላይ ከፈተች። ፀሐዩ አላሳይ ስላለ በነጠላዬ ጋረድኩላት። እሱ ቁጥሩን ከደብተሩ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች።

"የወጣውን እናትሽ ታንብበው" አለ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አንድ በአንድ ለቀምኩት። "እማዬ፣ ደህና ነኝ" ይላል።

ከጂንካ ስትደውል ገና ሳልጠይቃት የምትለኝ ቃል ነው። ፍርሃቴን ስለምታውቅ።

ፈታሹ ደብተሩን ለኔ ሰጥቶ ወደ መኪናው እንድንመለስ በእጁ አሳየን። "እማማ፣ ለወደፊቱ ፍየሉን ቀነስ ያድርጉት።"

ዛሬ ልጄ ሩቅ ናት፤ ስልኳ ሲዘገይ ያንን ገጽ እገልጣለሁ። ቁጥሮቹን ማንበብ አልችልም፤ የሚሉትን ግን አውቃለሁ።

ያን ቀን ጂንካ መናኸሪያ ወረድን። እጇን አልለቀቅኩም። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "ደርሰናል፤ ደህና ነን" አልኩ።