የተዋስነው ምንጣፍ

የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ እርዳታ የተከለከለችው እኔ እንግዳ ስላከበርኩ ነው። ይህ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ። የተማርኩት ጥቂት ነው፤ በደል ለመለየት ግን ይበቃል።

ልጅቷን ተማሪዎች እዚያው እያደሩ የሚማሩበት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ፈተናውን ስላለፈች ተቀበላት። "መክፈል ለማይችል ቤተሰብ እንረዳለን" አሉ። አለመቻል ከሆነ እኛ ቤት ሞልቶ ተርፏል። ከዚያ በፊት ግን አንዲት ሠራተኛ ኑሯችንን ልታይ ኧርቪንግ ከተማ ያለው አፓርታማችን ድረስ እንደምትመጣ ተነገረን።

እንግዳ ይመጣል ተብሎ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ካንዷ ምንጣፍ፣ ከሌላዋ የአንገት ወርቅ ተዋስኩ። የልጄ ባል የሆቴል እንግዶች የሚያመላልስበትን የኩባንያውን ጥቁር መኪና አጥቦ በራችን ላይ ፓርክ አደረገው። ዶሮውም ክትፎውም ተሠራ።

"እማማ፣ ፕሊዝ" አለች የልጅ ልጄ፣ "ቤታችን እኮ እንደዚህ አይደለም።"

"ዝም በይ! ሰው ቤትሽ ሲመጣ ድህነትሽን ነው የምታቀርቢለት?"

"ማለቴ... ሴትዮዋ የምትመጣው እሱን ልታይ ነው።"

ሴትዮዋ መጣች። በላች፣ ደገመች፣ ምንጣፉን በዓይኗ ለካችው። ወርቄን "ቆንጆ ነው" አለችኝ። የሰው ነው ብዬ በእንግዳ ፊት ልዋረድ? ስትሄድ ደግሞ ልጄ ምግብ ቋጥራ ሰጠቻት። እሷም ተሸክማው ሄዳ "ይህ ቤተሰብ የመክፈል አቅም አለው" ብላ ጻፈች። ወጡ ገና አልቀዘቀዘም ነበር መሰለኝ።

ልጄ አረጋውያን ስታነሳ ስትጥል የምትውል ነርስ ረዳት ናት። ያን ቀን አለቀሰች። "እማዬ፣ ወርቁን ማን አድርጊ አለሽ?"

ባሏ ጨዋ ነው። "እርስዎ ምን ያድርጉ፣ መኪናውን ያቆምኩት እኔ ነኝ" አለ።

የልጅ ልጄ ግን አዘጋጅታው የነበረውን ሻንጣ ባዶ አድርጋ አልጋው ሥር መለሰችው። እኔን ያስነሳኝ ያ ሻንጣ ነው።

የልጄ ባል መስኮቱ በማይዘጋው የራሱ መኪና ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደን። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ አባት በቁምጣና በተቀደደ ኮፍያ ተቀምጧል። እርዳታ ተፈቅዶለት ሊፈርም ነው የመጣው። ሴት ልጁ ፕሌኖ ከተማ ስላለው ቤታቸው የዋና ገንዳ ለልጅ ልጄ ታወራላታለች። የትምህርት ቤቱ ሰዎች አስተዋዮች ናቸው፤ ደሃን የሚለዩት በቁምጣ ነው።

ያቺው ሴትዮ ተቀበለችን።

"አስተርጉሚ፣ ምንም እንዳታለሰልሺ" አልኳት የልጅ ልጄን። "ምንጣፉ የሰው ነው በያት። ወርቁም መኪናውም የሰው ነው። የእኛ ዶሮው ብቻ ነበር፤ እሱንም በልታዋለች።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "እማማ፣ የመጨረሻውን ልዝለለው?"

"እሱን አስቀድሚው!"

ሴትዮዋ ሰምታ "ታዲያ ለምን ያላችሁ መስላችሁ ቀረባችሁ?" ብላ ጠየቀች።

"አንቺን ለማክበር ነዋ! አሁን ደግሞ ሳትነግሪን ነይና እዪ በያት።"

እውነትም ሳትደውል መጣች። ምንጣፉ ሸፍኖት የነበረው የተቃጠለ ወለል ተገልጧል። የልጄ ባል ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ሳሎን መሬት ላይ ተኝቷል። እኔ በሌሊት ልብሴ ነኝ። ደንግጬ "ሽሮ ላሙቅልሽ" ብላት እጇን አወዛወዘች፤ በሩ ላይ ቆማ አይታ ሄደች። እንግዳ ሳይቀምስ ከቤቴ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህም በደል ይጻፍልኝ።

ከቀናት በኋላ ያቺ ሴትዮ ደወለች። የልጅ ልጄ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በአንድ እጇ የእኔን እጅ ጨምድዳ ይዛ ሰማች።

"ሙሉውን ሰጥተውኛል" አለች። "ሶ... እማማ፣ ደግሞ አዲስ ደንብ አውጥተናል እያለች ነው። ከእንግዲህ ቤት ሊያይ የሚሄድ ሠራተኛ ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀምስ።"